ያውቁ ኖሯል? የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ክኒኖች

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካዋ ቺካጎ በተከፈተ ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ግድግዳ በ22,000 ገደማ ነጫጭ ክኒኖች ተሸፍኖ ነበር። ጠጋ ብሎ ላየው እያንዳንዷ ክኒን ላይ የሰው ፊት ተቀርጿል። በ2015 በአገሪቱ ሐኪም የሚያዛቸውን፣ ኦፒዮይድ የተባሉ የሕመም ማስታገሻዎች ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት ሰዎች ቁጥር ይህን ያህል ነበር። ሱስ ሲባል የጎዳና ዕፅ ብቻ ለሚታየው ጎብኚ ይህ ራሱ ያስደነግጣል። ይበልጥ የሚከብደው ግን እዚያው የቆመው ማሽን ነው፦ በየ24 ደቂቃው አንድ አዲስ ፊት ይቀርጻል፤ በወቅቱ አንድ ሰው በአማካይ የሚሞተው በዚሁ ልዩነት ነበርና። ጎብኚዎችም ሐኪማቸው ኦፒዮይድ ሲያዝላቸው አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቃቸው የሚጠይቅ፣ የጤና መድን ካርዳቸው ላይ የሚለጠፍ ስቲከር ይታደላቸው ነበር።