ሳይቃጠል በቅጠል፦ መጥበሻ እሳት ሲይዝ ውሃ አንድፋ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ካኩማ፣ እኛ በምንኖርበት ሰፈር፣ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት እናት ዘይቱን እንደጣደች ልጇ ሲያለቅስባት ወደ ውጭ ብቅ አለች። ስትመለስ መጥበሻው ይነድዳል። ጩኸቷን ሰምተን ሮጠን ስንደርስ አንድ ወጣት ጀሪካን አንስቶ ውሃ ሊደፋበት ነው። «ተው ልጄ፣ ውሃ አይሆንም!» አሉ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን። ጥግ ላይ የነበረውን የቆርቆሮ አከንባሎ አንስተው ከራሳቸው በኩል ወደ ፊት እያንሸራተቱ መጥበሻው ላይ ከደኑት። እሳቱ ወዲያው ታፍኖ ጠፋ።

እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸው ባይደርሱ ኖሮ ውሃውን የምንደፋው እኛው ነበርን። ቤቶቻችን ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሸራና ሳር አላቸው። የካኩማን ንፋስ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የአንድ ሰው መጥበሻ የጎረቤቱንም ቤት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ውሃ ለምን አይሆንም?

የምግብ ዘይት ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ግን የሚፈላው በ100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ሥር ይሰምጥና በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ ከውሃው ከ1600 ጊዜ በላይ የሚሰፋ ቦታ ስለሚይዝ የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋል። ፊትም ጣሪያም የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ስለዚህ ከተቻለ ምድጃውን እናጥፋ፤ መጥበሻውን በብረት ክዳን ወይም ትሪ እንክደን፤ በደንብ እስኪቀዘቅዝም አንክፈተው። ቶሎ ከተከፈተ አየር አግኝቶ እንደገና ይነሳል። መጥበሻውን ይዞ ወደ ውጭ መሮጥማ የባሰ ነው፤ ዘይቱ በገዛ እጅና እግር ላይ ይፈስሳል። ዱቄትም አይበተንበት፤ ዱቄቱ ራሱ ይቀጣጠላል።

ላምባና ኤሌክትሪክ

የላምባ ምድጃ እየነደደ ወይም ገና ትኩስ ሳለ ላምባ አንጨምርበት። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ላምባ ከገጠመንም ገንዘባችን ቢያንገበግበንም አንጠቀምበት፤ ምድጃው ሊፈነዳ ይችላል። መሬት ላይ ፈስሶ ለተያያዘ ላምባ ደረቅ አሸዋ መድኃኒት ነው። አሸዋ ደግሞ እዚህ በነጻ ነው፤ አንድ ባልዲ ሞልቶ በር ላይ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል?

ከጄኔሬተር በቀጭን ሽቦ መስመር የምንስብም ልብ እንበል። አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ብዙውን ጊዜ 2000 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ይህ ባለ 60 ዋት አምፖል ከ30 በላይ በአንዴ እንደማብራት ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3000 ዋት ያልፋል። ለአምፖልና ለስልክ በተዘረጋ ሽቦ ላይ እነዚህን ስንሰካ ሽቦው ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል። ሶኬቱ ከጋለ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተን አሁኑኑ እንንቀል። እሳት ከያዘ ግን ሶኬቱን ሳንነካ ከዋናው ማጥፊያ እናጥፋ። ውሃ እዚህም አይደፋም፤ ኤሌክትሪኩ በውሃው አልፎ ሰው ይይዛል።

ከአቅም በላይ ሲሆን

እሳቱ ጣሪያ ከነካ ትግሉ አብቅቷል። ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዘን እንውጣ፤ «እሳት! እሳት!» እያልን ጎረቤት እንቀስቅስ። የራሽን ካርድ ለማውጣት ተመልሶ መግባት የሚያምረው ሰው አይጠፋም። ያለዚያ ወረቀት ኑሮ ምን እንደሚመስል ለማንም አንነግርም። ግን ወረቀት በእንግልትም ቢሆን ይተካል፣ ሰው አይተካም። ካርዱንም ሰነዱንም ዛሬውኑ በአንድ ቦርሳ አድርገን በር አጠገብ ብንሰቅለው ያን ጊዜ አንፈተንም።

የተቃጠለ ሰው ካለ ቀለበትና አምባሩን ቶሎ አውልቀን ቁስሉን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ እናቀዝቅዝለት። ውሃ ውድ ቢሆንም ለዚህ አይቆጠብም። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና ሊጥ አይቀባም። ከዚያ ወደ ክሊኒክ ነው።

ያቺ እናት ዛሬም ሳምቡሳዋን ትጠብሳለች። አሁን ግን ክዳኑን አጠገቧ ሳታደርግ ዘይት አትጥድም። ልጇ ሲያለቅስም መጀመሪያ ምድጃውን ታጠፋለች።