በአደራ ያለ ልጅ ሲጠፋ፦ የሚባለውና እውነቱ

«ፖሊስ 24 ሰዓት ሳይሞላ የጠፋ ሰው አይመዘግብም» የሚለው ወሬ በብዙዎቻችን ዘንድ እንደ ሕግ ይቆጠራል። ለልጅ ግን ፈጽሞ አይሠራም። በአሜሪካ በ1990 የወጣ የፌዴራል ሕግ ፖሊስ የጠፋን ልጅ አቤቱታ ለመመዝገብ ጊዜ እንዳይጠብቅ ይከለክላል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመንግሥት አደራ ሥር ሆነው በአሳዳጊ ቤት፣ ማለትም በፎስተር ለሚኖሩ ልጆች ደግሞ በ2014 ሌላ ግዴታ ተጨመረ። የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የልጁን መጥፋት እንደሰማ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ለፖሊስና ለብሔራዊው የጠፉ ሕፃናት ማዕከል ማሳወቅ አለበት።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላው እምነት ነው፦ «መንግሥት የሚከታተለው ልጅ ቢጠፋ በዚያው ቀን ይታወቃል።»

የማያሚዋ ሪሊያ ዊልሰን ታሪክ ይህን እምነት ያፈርሰዋል። በፍሎሪዳ መንግሥት ጥበቃ ሥር የነበረችው ይህች ሕፃን የጠፋችው ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በ2000 መጨረሻ ወይም በ2001 መባቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ መጥፋቷን ያወቀው ግን በኤፕሪል 2002 ነበር። አንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ! ጉዳይዋን የያዘችው ሠራተኛ ቤቷ ድረስ ሄዳ ማየት ሲገባት፣ ሳትሄድ እንደሄደች አድርጋ ሪፖርት ትጽፍ ነበር። መዝገቡ ሲገለጥ ልጅቷ ደህና ናት፤ ቤቱ ሲንኳኳ ልጅቷ የለችም። የምትንከባከባት ሴት ስትጠየቅ «የመሥሪያ ቤታችሁ ሰው መጥታ ለምርመራ ወሰደቻት፤ አልመለሰቻትም» አለች።

መርማሪዎቹ ሥራውን ሲረከቡ የጠፋችበትን ቀን እንኳ በእርግጠኝነት የሚነግራቸው አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ጎረቤት ምን ያስታውሳል? ከቤቱስ ምን ምልክት ይገኛል? ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በ2001 ማንነቷ ሳይታወቅ አስከሬኗ የተገኘ ሕፃን ሪሊያ ትሆን ይሆን ተብሎ ተመረመረ፤ አልነበረችም። በመጨረሻም ተንከባካቢዋ በ2013 በአፈናና በሕፃን ላይ በፈጸመችው በደል ጥፋተኛ ተብላ የ55 ዓመት እስራት ተፈረደባት። በግድያም ተከሳ ነበር፤ በዚያ ክስ ላይ ግን ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ሊስማሙ አልቻሉም። የሪሊያ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ፍሎሪዳ በስሟ ያወጣችው ሕግ ትክክለኛውን ቦታ የነካ ይመስለኛል። በመንግሥት ጥበቃ ሥር ያሉ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡና መዋያ ወይም መዋዕለ ሕፃናት የተመዘገቡ ሕፃናት እዚያ እንዲውሉና ያለ ፈቃድ ሲቀሩ ሪፖርት እንዲደረግ ያዛል። በየጠዋቱ ስም የምትጠራ አንዲት መምህርት ብትኖር ኖሮ፣ የሪሊያ ፍለጋ በዚያው ሳምንት በተጀመረ ነበር።

ችግሩ ግን በማያሚ አልቀረም። የፌዴራሉ የጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት በ2023 ባወጣው የኦዲት ግምት፣ ከጁላይ 2018 እስከ 2020 መጨረሻ ከአሳዳጊ ቤት ልጅ ከጠፋባቸው አጋጣሚዎች ግማሽ ያህሉ ለብሔራዊው ማዕከል ጭራሽ አልተነገሩም።

ስለ ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ «ራሱ ኮብልሎ ነው፤ ሲርበው ይመለሳል» ይባላል። እርግጥ ብዙዎቹ ኮብልለው ነው የሚጠፉት። ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ዛሬ ማታ ማን ቤት ያድራል? ያሳደረውስ በምላሹ ምን ይጠይቀዋል? የ2014ቱ ሕግ ልጁ ሲመለስ ለምን እንደሄደና በሄደበት ምን እንደደረሰበት፣ ለወሲብ ንግድ ተዳርጎ እንደሆነም ጭምር እንዲጣራ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

«አምበር አለርት ካልወጣ ፖሊስ አልፈለገም» የሚሉም አሉ። ያ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ልጁ ታፍኗል፣ ለከባድ አደጋም ተጋልጧል ተብሎ ሲታመንና ሕዝብ ሊለይበት የሚችል በቂ መረጃ ሲኖር ነው። ያለ እሱም ፍለጋው ይካሄዳል።

በአሜሪካ የምትኖሩና በአደራ ልጅ የተቀበላችሁ ወገኖች፣ የልጁን የቅርብ ጊዜ ፎቶ ሁልጊዜ በእጃችሁ ያዙ። ከጠፋ መጀመሪያ 911 ደውሉ፣ ቀጥሎ ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቁ። ጎረቤት የሆናችሁም ስታዩት የከረማችሁትን ልጅ ካጣችሁት ጠይቁ፤ መልሱ ካላጠገባችሁ በ1-800-843-5678 ለብሔራዊው ማዕከል ደውሉ።