የሰማይ ብረት በኦሃዮ ጉብታዎች

ከኮሎምበስ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ሲጓዙ ቺሊኮቲ ይደርሳሉ። እዚያ በአፈር የተከመሩ ጉብታዎችና ረጃጅም ግንቦች አሉ፤ ዛሬ ሆፕዌል ተብለው የሚጠሩት የጥንት ነዋሪዎች ከ1,600 እስከ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት ያነጿቸው ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

በሀገራችን ብረት ሠሪዎች ብረት ያዘለ አፈር በከሰልና በወናፍ አቅልጠው ብረት ያወጡ ነበር። ሆፕዌሎች ይህን ጥበብ አያውቁም ነበር። ሆኖም ከጉብታዎቻቸው የብረት ዶቃና ጌጥ ተቆፍሮ ወጥቷል።

ምስጢሩን የፈታው ኒኬል ነው። ከምድር ማዕድን የሚቀልጥ ብረት ውስጥ ኒኬል እምብዛም አይገኝም። ከሰማይ የወደቀ ብረት (የብረት ሜትዮራይት) ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እስከ 20 እጅ ኒኬልና ጥቂት ኮባልት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሲንሲናቲ አጠገብ ከተርነር ጉብታዎች የወጣው ብረት ከካንሳሱ ብሬንሃም ሜትዮራይት ጋር ተዛምዷል። ርቀቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው! ብሬንሃም በብረቱ መካከል ኦሊቪን የሚባል አረንጓዴ ማዕድን የተሰካበት፣ ፓላሳይት ከሚሉት ብርቅ ወገን ነው። በኢሊኖይ ሃቫና የተገኙት የሆፕዌል ዶቃዎች ደግሞ ከሚኒሶታው አኖካ ሜትዮራይት መምጣታቸውን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 አሳይተዋል። ሠሪዎቹ ብረቱን አላቀለጡትም፤ በእሳት እያጋሉ ቀጥቅጠው ቅርጽ ሰጡት።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የብረቱ ውስጥ ነው። አብዛኛው የሰማይ ብረት ሲቆረጥ፣ ሲወለወልና በናይትሪክ አሲድ ሲታጠብ፣ እንደ ሰሌን ሽመና የተጠላለፉ መስመሮች ብቅ ይላሉ። የቪየናው ተመራማሪ ዊድማንሽተተን እ.ኤ.አ. በ1808 ስላስተዋላቸው በስሙ ይጠራሉ። መስመሮቹ የሁለት ማዕድናት ናቸው፦ ኒኬል የሚያንሰው ካማሳይትና ኒኬል የሚበዛበት ቴናይት። ቅይጡ ሲቀዘቅዝ ካማሳይት በቴናይት ውስጥ በስስ ሰሌዳ መልክ ያድጋል። ለዚህ ግን ቅዝቃዜው እጅግ መዘግየት አለበት፤ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ከጥቂት ዲግሪ እስከ ጥቂት ሺህ ዲግሪ ብቻ። ይህን የትኛውም ምድጃ ሊሠራው አይችልም።

እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የሚገኘው በትንንሽ ዓለማት ሆድ ውስጥ ነበር። ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ፀሐይ ገና ወጣት ሳለች፣ አንዳንድ አስትሮይዶች በራዲዮአክቲቭ አሉሚኒየም ሙቀት ቀለጡ። ከባዱ ብረት ወደ እምብርታቸው ሰጠመ። በኋላ ተጋጭተው ሲፈረካከሱ የእምብርታቸው ስብርባሪ በሕዋ ተበተነ፤ ጥቂቱም ምድር ላይ ወደቀ።

ኮሎምበስ ያላችሁ ወገኖች ልጆቻችሁን ይዛችሁ የኦሃዮ ሂስትሪ ኮኔክሽንን ሙዚየም ጎብኙ፤ የሆፕዌል ሥራዎች እዚያ አሉ። እርሻ ላይ ማግኔት የሚስብ ከባድ ድንጋይ ብታገኙ ወዲያው ሜትዮራይት ነው አትበሉ፤ በደቡብ ኦሃዮ የድሮ ብረት ማቅለጫዎች የጣሉት ዝቃጭ ብዙ ነው። አትስበሩት፣ አትቁረጡት፤ ለጂኦሎጂ ባለሙያ አሳዩት፣ ኒኬሉም ይመርመር።