ስጦታ ያለ ልምምድ

ዛሬ ተራ ስለሚመስል ነገር ልነግራችሁ እወዳለሁ፤ ስለ ልምምድ። «ይህ ደግሞ ስብከት ይሆናል ወይ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ታገሡኝ፤ ከራሴ ውርደት ልጀምርላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቤት ኅብረት ለጢሞቴዎስ የተጻፈውን የመጀመሪያ መልእክት እናጠና ነበር። ምዕራፍ 4 ቁጥር 7 ላይ ስንደርስ፣ በመዘምራን ውስጥ ኪቦርድ መጫወት የሚማር አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «ፓስተር፣ እርስዎ ግሪክኛ ተምረዋል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን በራሱ ላይ እንዲያደርግ ያዘዘው ነገር በግሪክኛው ምን ማለት ነው?» አለኝ። የግሪኩን አዲስ ኪዳን ገለጥኩ። ፊደሉን አነበብኩት፤ ትርጉሙ ግን የለም፣ ጠፍቷል። «ረስቼዋለሁ» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። «አጥብቆ ማሰብ ማለት ነው» ብዬ በግምት መለስኩ። ልጁም አምኖኝ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ማታ ቤቴ ገብቼ አቧራ የጠጣውን መዝገበ ቃላት አወረድኩ። ቃሉ «ጉምናዞ» ነው። ሯጭና ታጋይ ለውድድር ሰውነቱን የሚያሠለጥንበትን ልምምድ የሚያመለክት ቃል ነው። ዛሬ «ጂም» የምንለውም ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። አያችሁ ወገኖቼ? ልምምድ ማለት ምን እንደሆነ የሚናገረው ቃል የጠፋብኝ ስላልተለማመድኩ ነው!

እኔ እኮ ይህን ቃል አንድ ጊዜ በደንብ አውቀው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስገባ በግሪክኛ ከክፍሉ ደካሞች አንዱ ነበርኩ። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ አጠናለሁ፤ በሳምንቱ ግን ያጠናሁት ሁሉ በኖ ይጠፋል። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። በኋላ ከእኔ የሚሻል አንድ ጓደኛዬ መንገዱን አሳየኝ። ወፍራም ወረቀት በትንሽ በትንሹ ቆርጦ በአንድ ፊት ግሪክኛውን፣ በጀርባው አማርኛውን ይጽፋል። በቀን አምስት አዲስ ቃል፣ ሃያ ደቂቃ፤ በቃ። እኔም ጀመርኩ።

አምስት ቃል ትንሽ ይመስላል አይደል? እስቲ አብረን እናስላው። የግሪኩ አዲስ ኪዳን ወደ 5,400 የሚጠጉ የተለያዩ ቃላት አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለሱት 310 ገደማ ብቻ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ጥቂቶች ከመጽሐፉ ቃላት ሁሉ 80 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። 310ን ለአምስት ስታካፍሉት 62 ቀን ነው። ሁለት ወር! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን በከንቱ አይደለም።

ታዲያ በአንድ ሌሊት የተጠናው ለምን ይጠፋል? ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ትርጉም የሌላቸውን የፊደላት ጥምረቶች በቃሉ እየያዘ ራሱን ለዓመታት ፈተነ፤ ያገኘውንም በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የተማርነው ነገር በፍጥነት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ደግሞም አንዴ ከሚከመር ጥናት ይልቅ፣ ቀናት እየተከፋፈለ የሚደገም ጥናት ይበልጥ ይቆያል። እንግዲህ ጭንቅላቴ ደካማ ነው ብላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ ምናልባት ደካማው አደጋገማችሁ ይሆናል።

እኔን የጣለኝ ምንድን ነው? ተመርቄ አገልግሎት ስጀምር ዘመናዊ ስልክ እጄ ገባ። የጠዋቷ ሃያ ደቂቃ በአንድ ቀን አልተወሰደችብኝም። «አንድ መልእክት ብቻ ልይ» እላለሁ። ከመልእክቱ ወደ ቪዲዮ፣ ከቪዲዮው ወደ ሌላ ቪዲዮ። ቀና ስል ሰዓቱ ሄዷል። ካርዶቼን በያዝኩባቸው ቀናት እንኳ ስልኩ ጩኸት ባሰማ ቁጥር ሐሳቤ አብሮት ይወጣል፤ ተመልሼ ለመሰብሰብ ሌላ ጊዜ ያስፈልገኛል። በዚህ አኳኋን ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ አምስቷን እንኳ አልሠራሁም። ማንም አልቀማኝም፤ ራሴ እየቆነጠርኩ ሰጠሁት።

አንዳንዶቻችን ደግሞ ሌላ ማምለጫ አለን። «መንፈስ ቅዱስ ይረዳናል» ብለን ሳንለማመድ መድረክ ላይ እንወጣለን። እርዳታውን አምናለሁ፤ እኔም የምቆመው በእርሱ ነው። ነገር ግን 1ኛ ዜና መዋዕል 25ን አንብቡ። በመሣሪያ ትንቢት ስለሚናገሩ መዘምራን የሚተርከው ያው ምዕራፍ፣ በዝማሬ የተማሩና ብልሃተኞች የሆኑት 288 እንደነበሩ ይቆጥራል። መንፈሱና ትምህርቱ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አልተጣሉም። ዳዊትንም አስቡት። የሳኦልን የጦር ልብስ ያወለቀው ስላልተለማመደው ነው፤ ወንጭፉን ግን አመነበት። በእግዚአብሔር ስም ወደ ጎልያድ የሮጠው ያው ልጅ፣ እጁ የለመደውን ይዞ ነው የሮጠው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ኪቦርድም ይሁን ስፌት፣ ቋንቋም ይሁን ሒሳብ፣ እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሰዓቱንና ቦታውን አትቀያይሩ። እኔ ከጠዋት ጸሎት ቀጥሎ፣ ስልክ ከመክፈቴ በፊት አድርጌዋለሁ። በየቀኑ «መቼ ልሥራ?» ብሎ ከራስ ጋር መከራከር ራሱ ያደክማል።

ሁለተኛ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ድምፁን ማጥፋት ለእኔ አልበቃኝም፤ አጠገቤ ካለ እጄ ይሄድበታል። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ አጥፍታችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ ወይም ለቤተሰብ አስይዙት።

ሦስተኛ፣ የምታውቁትን ሳይሆን የሚያሰናክላችሁን ሥሩ። እኔ የተሳሳትኳቸውን ካርዶች ለብቻ እለያለሁ፤ በማግሥቱ በእነሱ እጀምራለሁ። መልሱን ሳላይ ከአእምሮዬ ለማውጣት እታገላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አገላብጣለሁ። ዓይን ያየውን ሁሉ ያወቀው ይመስለዋልና።

አራተኛ፣ አንድ ቀን ካመለጣችሁ ራሳችሁን አትርገሙ፤ ነገ ተመለሱ። ልምምድን የሚገድለው ያመለጠው አንድ ቀን አይደለም፤ «ከእንግዲህማ ተበላሸ» የሚለው ሐሳብ ነው።

ያን ወጣት ግን አልረሳሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት ኅብረቱ ፊት ቆሜ፣ «ባለፈው የነገርኳችሁ ስሕተት ነው። ረስቼው ነበር፤ ረሳሁ ማለትም አፈርኩ። ይቅር በሉኝ» አልኩ። ልጁ ዝም ብሎ ደብተሩን ከፈተ፤ የጻፈውን ሰርዞ ትክክለኛውን ጻፈ። ስንጨርስ ቀረብ ብሎ፣ «ፓስተር፣ እኔም አንድ መዝሙር ስጫወት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እሳሳታለሁ። ሁልጊዜም ከመጀመሪያው ጀምሬ እዚያው ስደርስ እወድቃለሁ» አለኝ። «እንግዲያው ከሚጥልህ ቦታ ጀምር፤ እሷን ብቻ፣ ቀስ እያልክ፣ በየቀኑ» አልኩት። ሁለታችንም በማግሥቱ ጠዋት ጀመርን፤ እሱ በጣቶቹ፣ እኔ በካርዶቼ።

ዛሬም ሁሉን አላስታውስም። በየጠዋቱ የምሳሳታቸው ካርዶች አሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ሲጠይቀኝ የማውቀውን አውቀዋለሁ እላለሁ፤ የማላውቀውን ደግሞ «ልየውና ልንገርህ» ለማለት አላፍርም። ይህንንም ያስተማረኝ ያው ልምምድ ነው፤ በየቀኑ ከስሕተቱ ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው፣ በሰው ፊት አዋቂ መስሎ መታየቱ ይቀልበታል።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ጌታ በእጃችሁ ያኖረው ነገር ምንድን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የተለማመዳችሁትስ መቼ ነው? ይህን ወረቀት ስታስቀምጡ ሰዓታችሁን ምረጡ፤ ለነገ ጠዋትም አዘጋጁት። ጌታ በትንሿ ነገር ታማኞች ያድርገን። አሜን።