ነፍሰ ጡር ሴትና የፍየል መጨንገፍ

በኬንያ ሰሜናዊ ወሰን በሞያሌ ዙሪያ በሚኖሩት አርቢዎች ዘንድ ፍየል ማለብና ግልገል መንከባከብ በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው፤ ስትፀንስም አይቋረጥም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የሥራ ሕግ ለተቀጠረች እናት የ3 ወር የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለቤቷ መንጋ የምትደክመው ግን ቀጣሪ ስለሌላት ሕጉ አይደርስላትም።

የሚያሠጋት ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ነው። ጀርሙ ከታመመች ፍየል በጨነገፈ ጽንስ፥ በእንግዴ ልጅና ባልፈላ ወተት ይገኛል፤ በእጅ ቁስልም ይገባል፤ ነፍሰ ጡሯንም ሊያስወርዳት ይችላል።

ስለዚህ በምጥ ላይ ያለችውን ፍየል ባልዋ ወይም ሌላ ሰው ጓንት አጥልቆ ያዋልድ። እንግዴ ልጁ ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ወተቱም ይፍላ። ትኩሳት የያዛት እናት ፍየል ማዋለዷን ለሐኪም ትንገር። መንጋው የሚጠበቀው ለልጆች ነውና፥ አስቀድሞ ልጅ የተሸከመችው ልትጠበቅ ይገባል።