መድኃኒቱን የተሸከመው ቅባት

1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን የያዘ የቆዳ ክሬም እንመልከት። ከ100 ግራሙ መድኃኒቱ 1 ግራም ብቻ ነው። የቀረው 99 ግራም ውሃ፣ ቅባትና ሰም መሰል ነገሮች ናቸው። ብዙዎቻችን «ማሟያ» ብለን የምናልፈው ይህ ተሸካሚ፣ መድኃኒቱ ምን ያህል ወደ ቆዳ እንደሚዘልቅ ይወስናል።

አልኮል ቶሎ ይተንናል፤ ቆዳንም ያደርቃል። ግሊሰሪን እርጥበት ይስባል። ቫዝሊን ደግሞ (ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ መገኘቱን ስንቶቻችን እናውቃለን?) ቆዳን ሸፍኖ ውሃው እንዳይተን ያግዳል። እንዲህ የታፈነ ቆዳ ይርሳል፣ መድኃኒትም በቀላሉ ያሳልፋል። ስለዚህ ያው ቤታሜታዞን፣ በዚያው መጠን፣ በቫዝሊን ተለውሶ ኦይንትመንት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከክሬሙ ይበረታል።

ፊታቸውን ለማቅላት እንዲህ ያለውን መድኃኒት ከቅባት ጋር እየለወሱ የሚቀቡ እህቶቻችን ይህን የሚነግራቸው የለም። የፊት ቆዳ፣ በተለይም የዐይን ቆብ፣ ስስ ነው። ቅቡ ሲደጋገም ይበልጥ ይሳሳል፤ የደም ሥሮቹም ጎልተው ይወጣሉ።

በሕፃናት ላይ ጉዳቱ ይከፋል። ፕላስቲክነት ያለው ዳይፐር ራሱ እንደ ቫዝሊን ቆዳን ያፍናል፤ መድኃኒቱም ወደ ደም ሊዘልቅ ይችላል። ክሬም ታዝዞ ኦይንትመንት ከተሰጠን፣ ስሙ አንድ ቢሆንም፣ ልጁን ሳንቀባ ፋርማሲስቱን እንጠይቅ።