ጊዜ የሚሰጥ ሕመም፣ ጊዜ የማይሰጥ ሕመም፦ ኦቫሪያን ሲስት ያለ ኢንሹራንስ

ከእምብርቷ በታች በአንድ ጎን ውጋት የጀመራት ሴት ኢንሹራንስ ካላት የምታስበው ስለ ሕመሟ ነው። ከሌላት ግን ሕመሙን ከሚመጣው ቢል ጋር ስታመዛዝን ታድራለች። በአሜሪካ በ2023 ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ምንም የጤና ኢንሹራንስ አልነበረውም (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በዳላስና በአትላንታ በሰዓት ክፍያ የሚሠሩ፣ ወረቀታቸው ገና ያላለቀ ወይም አሠሪያቸው ኢንሹራንስ የማይሰጣቸው ኢትዮጵያውያትም በዚሁ ጭንቀት ውስጥ ያልፋሉ። ማስታገሻ ውጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ሥራ ይገባሉ።

እንዲህ ማድረጉ አንዳንዴ ምንም ጉዳት የለውም፤ አንዳንዴ ግን አንድ ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል የሚያፈራውን አካል፣ ያሳጣል። ኦቫሪያን ሲስት አብዛኛውን ጊዜ ለታማሚዋ ሳምንታት የሚሰጥ ችግር ነው። እነዚያ ሳምንታት ደግሞ አቅምን ያገናዘበ ክሊኒክ ለማፈላለግ፣ ዋጋ ለመጠየቅና የእርዳታ ቅጽ ለመሙላት ይበቃሉ። ፋታ የማይሰጠው ጥቂቱ ነው፤ ኢንሹራንስ የሌላት ሴት ከሁሉ አስቀድማ መለየት ያለባትም ያንኑ ጥቂቱን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰውነት ጤናማ ሥራ ነው። በየወሩ ከሁለቱ ኦቫሪዎች በአንዱ ላይ እንቁላል የያዘች፣ ፈሳሽ የሞላት ትንሽ ከረጢት ታድጋለች። ስፋቷ ከ2 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ሲያልፍ ትፈነዳና እንቁላሉ ይወጣል። አንዳንድ ወር ከረጢቷ ሳትፈነዳ ትቀርና ማደጓን ትቀጥላለች። አንዳንዴ ደግሞ ከፈነዳች በኋላ መልሳ ትዘጋና ፈሳሽ ወይም ደም ትቋጥራለች። ሁለቱም ሲስት ይባላሉ፤ አብዛኞቹም ያለ አንዳች ሕክምና ከሁለት ወይም ከሦስት የወር አበባ በኋላ ራሳቸው ይጠፋሉ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያና ሆርሞን ያለው ሉፕ እንዲህ ያለውን ሲስት ትንሽ ያበዙታል፤ ያም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በራሱ ይከስማል።

በራሳቸው የማይጠፉም አሉ። ዴርሞይድ የሚባለው ሲስት እንቁላል ከሚሆኑት ሴሎች ስለሚነሳ ስብና ፀጉር፣ አልፎ አልፎም ጥርስ ይገኝበታል። መስማቱ ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ አስማትም አይደለም። ኢንዶሜትሪዮማ ደግሞ የማሕፀን ግድግዳን የመሰለ ሕብረ ሕዋስ ኦቫሪው ላይ በቅሎ በየወሩ ሲደማ የሚፈጠር፣ የረጋ ጥቁር ደም የቋጠረ ሲስት ነው። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር አልጋ ላይ የምትውል፣ በግንኙነት ጊዜም የምትታመም ሴት ይህ ሊኖርባት ይችላልና ሐኪሟን ይህን ሲስት ስለሚያመጣው ሕመም፣ ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ በስሙ ጠርታ ብትጠይቅ ይበጃታል። ብዙዎች ከሲስት ጋር የሚያምታቱት ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም) ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ አልትራሳውንድ ላይ የሚታዩት ብዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ያልበሰሉ እንቁላሎች የያዙ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሕመም አያመጡም።

ፋታ የማይሰጠው የትኛው ነው? ኦቫሪ ደም የሚያመላልሱ ሥሮች በሚያልፉበት ጅማት ላይ የተንጠለጠለ አካል ነው። ሲስቱ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከባድ ፍሬ ቀጭን ቅርንጫፉን እንደሚያዞረው፣ ኦቫሪው በጅማቱ ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል። ያኔ የደም ዝውውሩ ይታነቃል። በቀኝ በኩል ይበልጥ ያጋጥማል፤ በግራ በኩል ትልቁ አንጀት ቦታውን ስለሚይዘው ኦቫሪው እንደልቡ አይዞርም። ምልክቱ በድንገት የሚጀምር ብርቱ ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሽና ትውከት ይከተለዋል። ሕመሙ መጥቶ ሊሄድና ተመልሶ ሊመጣ መቻሉ ያዘናጋል፤ ኦቫሪው ተጠምዝዞ ሲፈታና እንደገና ሲጠመዘዝ ሕመሙም አብሮ ይመላለሳልና። በጊዜ ከተደረሰ ሐኪሞች ይፈቱታል፤ ጠቁሮ ያዩት ኦቫሪ እንኳ ብዙ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ሰዓታት በነጎዱ ቁጥር ግን ተስፋው ይመነምናል።

ከትውከት ጋር የመጣ ድንገተኛ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ራስን መሳት ወይም መፍዘዝ፣ የሆድ መንፋት፣ ትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም፤ እነዚህ ሲታዩ ስለ ገንዘብ ማሰቢያው ሰዓት አልፏል፤ መሄጃው ኢመርጀንሲ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ሆድ ውስጥ ደም መፍሰሱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት ደግሞ ከሁሉ በፊት የእርግዝና ምርመራ ማድረግ አለባት። ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ልክ እንደ ሲስት ያማል፤ ካልተደረሰበትም ይገድላል። ከፋርማሲ ወይም ከዶላር መደብር በጥቂት ዶላር የሚገዛው መመርመሪያ ለዚህ ያገለግላል፤ ሕመሙ እንዲህ ከበረታ ግን መመርመሪያ ለመግዛት መዘግየት አያስፈልግም፣ ኢመርጀንሲ ውስጥም ያንኑ ያደርጉላታል።

በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ኢምታላ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው፣ ከሜዲኬር፣ ከአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ኢመርጀንሲ ክፍሉ የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳያይ እንዲመረምርና አጣዳፊውን ችግር እንዲያረጋጋ ያስገድዳል። በተግባር ሁሉም ሆስፒታል ማለት ይቻላል እዚህ ውስጥ ይገባል። ስለ ኢንሹራንስ መጠየቅ ይችላሉ፤ በዚያ ሰበብ ምርመራውን ማዘግየት ግን አይችሉም። ሕጉ ቢሉን አያስቀርም። በመኖሪያ ፈቃዷ ምክንያት ሜዲኬይድ የሚባለውን የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የመንግሥት ኢንሹራንስ የተከለከለች፣ የገቢና የሌላውን መስፈርት ግን የምታሟላ ሴት ለዚህ ዓይነቱ አጣዳፊ ሕክምና ኢመርጀንሲ ሜዲኬይድ እንዲከፍልላት ማመልከት ትችላለች። የምትኖርበት ስቴትም ለውጥ ያመጣል። ሜሪላንድ ከ2014፣ ቨርጂኒያ ከ2019 ጀምሮ ሜዲኬይድን ለዝቅተኛ ገቢ አዋቂዎች አስፍተዋል፤ ቴክሳስ ግን አላሰፋችም። በቨርጂኒያ ያለችው የአሌክሳንድሪያዋና በቴክሳስ ያለችው የዳላሷ ሴት ደመወዛቸው አንድ ሆኖ ዕድላቸው የሚለያየው በዚህ ነው፤ ይህ ፍትሐዊ ነው ብሎ ለመሟገት ይከብዳል።

ሕመሙ ከነዚያ አጣዳፊ ምልክቶች ነፃ ከሆነስ? ያኔ ቤት ውስጥ የሚያስታግሰው ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክና አይቡፕሮፌን ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ በቀን ከ1,200 ሳያልፍ፣ ምግብ ተበልቶ ይወሰዳል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባትና ያረገዘች ሴት ግን ልትርቀው ይገባል። ጓደኛ የምታካፍለው የወሊድ መከላከያ ኪኒን ያለውን ሲስት አያጠፋም። ኪኒን የወሰዱና ያልወሰዱ ሴቶችን ያነጻጸሩ ጥናቶች የሲስቱ መጥፊያ ጊዜ ልዩነት እንደሌለው አሳይተዋል። ሁለት ሆርሞን ያለው ኪኒን የሚጠቅመው አዲስ ሲስት እንዳይፈጠር ነው፤ ለዚያም የደም ግፊትን፣ የማይግሬንንና የደም መርጋትን ታሪክ የሚጠይቅ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል።

አቅምን ያገናዘበ ሕክምና ለማግኘት የመጀመሪያው በር የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ነው። እነዚህ ጣቢያዎች የጀመሩት በ1965 ዶክተር ጃክ ጋይገርና ባልደረባቸው ካውንት ጊብሰን በቦስተን የኮሎምቢያ ፖይንት የድሆች መንደር ውስጥ የመጀመሪያውን በከፈቱ ጊዜ ነው። ዛሬ በመላው አሜሪካ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ይታከምባቸዋል። ዋሽንግተን ውስጥ በ1988 ከመካከለኛው አሜሪካ ለተሰደዱ እናቶች የተከፈተው ሜሪስ ሴንተር ከእነዚህ አንዱ ነው። የፌዴራል ድጋፍ ስለሚያገኙ ክፍያቸውን እንደ ገቢው መጠን ዝቅ እንዲያደርጉ ግዴታ አለባቸው። ከድህነት መስመሩ በታች ያለች ሴት፣ ይህም በ2025 ለአንድ ሰው በዓመት 15,650 ዶላር ነበር፣ ለስሙ ያህል ብቻ ትከፍላለች፤ እስከ እጥፉ ድረስ የሚያገኙትም ቅናሽ አላቸው። የሚጠየቀው የደመወዝ ደረሰኝ ወይም የአሠሪ ደብዳቤ ነው።

እዚያ የምታያት ባለሙያ ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ታዛለች። ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፊኛ በውሃ ሞልቶ በሆድ ላይ የሚደረገው ነው። ሌላው በብልት በኩል በቀጭን መሣሪያ የሚሠራው ሲሆን ኦቫሪውን አቅርቦ ያሳያል፤ ግንኙነት ፈጽማ የማታውቅ ሴት ያንን አስቀድማ ብትናገር የመጀመሪያው ይበቃታል። ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ምርመራ በአሜሪካ የቁጥር ኮድ አለው፦ በሆድ ላይ የሚደረገው 76856፣ በብልት በኩል የሚደረገው 76830። ስልክ አንስቶ «ኢንሹራንስ የለኝም፣ የ76830 የካሽ ዋጋችሁ ስንት ነው?» ብሎ ሦስት አራት ቦታ መጠየቅ ይቻላል። ከሆስፒታል ውጭ ያሉ የምስል ማዕከላት ብዙ ጊዜ ከሆስፒታሉ በጣም ይረክሳሉ። ሆስፒታሎችም ከጥር 2021 ጀምሮ ዋጋቸውን በይፋ እንዲያወጡ ተገደዋል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ኢንሹራንስ የሌላት ታካሚ ከቀጠሮዋ በፊት በጽሑፍ የዋጋ ግምት የማግኘት መብት አላት። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ትችላለች፤ ስለዚህ ያ ወረቀት እንደ ፓስፖርት መቀመጥ አለበት።

ውጤቱ ሲመጣ መጠኑንና ዓይነቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። የብሪታንያ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ እንደሚለው፣ የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ የተገኘ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ ሲስት ተከታታይ አልትራሳውንድ አያስፈልገውም። ከ5 እስከ 7 ያለው በዓመት አንዴ ይታያል፤ ከዚያ የሚበልጠው ተጨማሪ ምስል ወይም ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። «ለምን ድጋሚ አልትራሳውንድ ያስፈልገኛል?» ማለት ነውር አይደለም። ሲኤ-125 የተባለው የደም ምርመራም በወጣት ሴት ላይ ብዙ ያሳስታል፤ በወር አበባና በኢንዶሜትሪዮሲስ ምክንያትም ከፍ ይላል። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ሲስት የተገኘባት ሴት ግን በዚህ ቁጠባ አትመራ፤ ለእሷ ክትትሉ ጠበቅ ይላል።

ቀዶ ሕክምናው ዛሬ በእምብርት ሥርና በሆድ ላይ በሚደረጉ ትናንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራ ነው፤ ላፓሮስኮፒ ይባላል፣ ብዙዋ ታማሚም በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ታሪኩ የጀመረው ግን በታኅሣሥ 1809፣ በኬንታኪዋ ዳንቪል ነው። ጄን ቶድ ክሮፎርድ የምትባል እናት ሆዷ ተነፍቶ መንታ ያረገዘች ስለመሰለ ዶክተር ኢፍሬም ማክዳዌል ተጠራላት። 60 ማይል ያህል በፈረስ ተጉዛ እቤቱ መጣች፤ ማደንዘዣ ገና ባልተገኘበት በዚያ ዘመን ሐኪሙ 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የኦቫሪ ዕጢ አወጣላት። በአምስተኛው ቀን አልጋዋን ስታነጥፍ አገኛት፤ ከዚያም 32 ዓመት ኖረች።

የዛሬዋ ታካሚ ሕመሙን በማደንዘዣ ታልፈዋለች፤ የሚቀራት የሆስፒታሉ ቢል ነው። ከአሜሪካ ሆስፒታሎች ብዙዎቹ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ናቸው። በ2010 የወጣው የጤና ሕግም እነዚህ ሆስፒታሎች የገንዘብ እርዳታ ደንብ በጽሑፍ እንዲኖራቸውና ለታካሚው እንዲያሳውቁ ያዛል። እርዳታው የተፈቀደላት ሴት ኢንሹራንስ ካለው ሰው በአማካይ ከሚጠየቀው በላይ ልትጠየቅ አትችልም፤ እንደ ገቢዋ ሙሉ በሙሉ የሚሰረዝላትም አለች። ቀጠሮ በሚያዝለት ቀዶ ሕክምና ላይ ቅጹን አስቀድሞ መሙላት ይሻላል።

ቋንቋ እንቅፋት መሆን የለበትም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ ደግሞ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም እንዲያገለግሉ ያደርጋል። ስለ ወር አበባና ስለ ግንኙነት የሚጠየቀውን ጥያቄ በልጅ ወይም በባል አፍ ማስተርጎም ምርመራውን ያዛባል። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ በስልክ ይገናኛል።

ቢሉ ቀድሞ ቤት ከደረሰም ገና አልረፈደም። የመጀመሪያው ቢል ከወጣበት ቀን አንስቶ የእርዳታ ማመልከቻ የሚቀርብበት 240 ቀን አለ፤ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ሆስፒታሉ ሊከስ ወይም ዕዳውን ለክሬዲት መዝጋቢ ሊያሳውቅ አይችልም። መጀመሪያ እያንዳንዱን አገልግሎት ከነኮዱ የሚዘረዝር ቢል መጠየቅ፣ ያልተደረገ ምርመራ ተጨምሮ እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ ቅጹን ከደመወዝ ደረሰኝና ካለ ከታክስ ወረቀት ጋር ማስገባት ነው። ቅጂውንና ያስገቡበትን ቀን መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ በክሬዲት ካርድ አለመክፈል ይሻላል፤ ካርድ ላይ የገባ ገንዘብ የባንክ ዕዳ ይሆናልና የሆስፒታሉ ቅናሽ አያገኘውም።